የሰዓት ጠባቂው አባት መንገድ
ከዳሞ እስከ ሐይቅ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ታሪክ

ከአክሱም አየር ማረፊያ እስከ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ያለውን ርቀት ለማወቅ የፈለገ ሰው ካርታ ዘርግቶ በሁለቱ መካከል አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ቢያሰምር፣ 350 ኪሎ ሜትር ያኽል ሆኖ ያገኘዋል። አብራሪዎች ግን ርቀትን የሚቈጥሩት በባሕር ማይል ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ቍጥሩ እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚለካው እያንዳንዱ የኬክሮስ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል፤ የአንዱም ደቂቃ ርዝመት በመሬት ላይ አንድ የባሕር ማይል ያኽል ነው። አክሱም በ14ኛው፣ ኮምቦልቻ በ11ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለሚገኙ ልዩነታቸው 3 ዲግሪ ነው፤ 3 ጊዜ 60 ደግሞ 180 ማይል ይሆናል። አክሱም ጥቂት ወደ ምዕራብ ስለምታዘነብል በዚህ ላይ ዐሥር ማይል ያኽል ይጨመራል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው።

በሀገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያኽል ሊበር ይችላል። ስለዚህ ይህን መንገድ በግማሽ ሰዓትና በጥቂት ደቂቃዎች ይጨርሰዋል ማለት ነው። ነገር ግን አይሮፕላን እንደ ተነሣ ወዲያው ሙሉ ፍጥነቱን አይዝም። ሜዳው ላይ ይንከባለላል፣ ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ቀስ እያለ ከፍታውን ይይዛል፣ ሲደርስም ፍጥነቱን እየቀነሰ ይወርዳል። መንገዱ ባጠረ ቍጥር ይህ የመውጫና የመውረጃ ጊዜ ድርሻው ይበዛል። ስለዚህ ሠላሳ ሦስት ደቂቃው ሦስት ሩብ ሰዓት ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም።

ይህ ሁሉ ግን በወረቀት ላይ ነው። በእውነቱ ከአክሱም ወደ ኮምቦልቻ በአይሮፕላን መሄድ የሚፈልግ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በአዲስ አበባ በኩል ነው። ከአክሱም አዲስ አበባ 570፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ያኽል ይበራል፤ በጠቅላላው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ወደ ደቡብ ሲበር ኮምቦልቻን አልፎት ይሄድና፣ አዲስ አበባ ላይ ቆይቶ፣ ያለፈውን አገር እንደገና ወደ ሰሜን ይመለስበታል። በአየር ጉዞ ላይ የሁለት ከተሞች ርቀትና በሁለቱ መካከል የሚፈጀው ጊዜ አንድ ነገር አለመሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም። ርቀቱን የሚወስነው ምድሪቱ ናት፤ ጊዜውን የሚወስነው ግን መገናኛው ወዴት ተሠርቷል የሚለው ነገር ነው።

ይህን ሒሳብ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዛሬ 770 ዓመት በፊት አንድ መነኩሴ ይህንኑ መሥመር፣ ያለ ክንፍና ያለ መንኰራኵር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በእግራቸው ወርደውታል። ጕዟቸው ከተፈጸመ በኋላ የኢትዮጵያ የትምህርት መገናኛ ስፍራው ተዛወረ፤ ከመገናኛውም ጋር የመንግሥቱ ታሪክ አብሮ ተንቀሳቀሰ። እኒህ ሰው የሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ዳህና በሚባለው አገር ነው። በዛሬው አከፋፈል ዳህና የሚባለው ወረዳ በዋግ ኽምራ ውስጥ ይገኛል። ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት በላስታ ሆነው አገሩን የሚገዙበት ነበረ። ስለ ልጅነታቸው የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ሕፃንነታቸው የሚናገረው የቅዱሳን ሁሉ ገድል ስለ ቅዱሳን ሁሉ ሕፃንነት የሚናገረውን ነው። እኛም በዚህ ላይ አንዘገይም። ታሪካቸው በእርግጥ የሚጀምረው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ የትውልድ አገራቸውን ትተው ወደ ደብረ ዳሞ በሄዱ ጊዜ ነው።

በዚያን ጊዜ ምንኵስናን ከነምንጩ መማር የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ ትግራይ ነበረ። ደብረ ዳሞ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ገዳም ነው። አራቱም ማዕዘኑ ገደል የሆነ አምባ ነው፤ ዛሬም የሚወጣው ዐሥራ አምስት ሜትር ያኽል በሆነው ገደል ላይ በጠፍር ገመድ ተስቦ ነው። በአምባው ላይ አበምኔቱ አባ ዮሐኒ ነበሩ። በገዳማቱ የትውልድ ቈጠራ መሠረት አባ ዮሐኒ ከአረጋዊ የሚለዩት በሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ በክርስቶስ ቤዛነና በመስቀል ቤዛነ። ሰባት መቶ ዓመት በአራት ሰዎች ዕድሜ ሊሞላ እንደማይችል ግልጽ ነውና በመካከሉ ስማቸው የተዘነጋ ብዙ አባቶች እንዳሉ እናስባለን። የጊዜም ርቀት እንደ መሬት ርቀት ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ያጥራል።

ኢየሱስ ሞዐ በዳሞ ሰባት ዓመት ያኽል ቈዩ። በዚያም እንደ ጀማሪ መነኩሴ ውሃ ቀዱ፣ እህል ፈጩ፣ ታዘዙ። ከሁሉ ይልቅ ለወደፊት ሕይወታቸው የጠቀማቸው ግን ሌላ ነገር ይመስለናል፤ ይኸውም መጻሕፍት መገልበጥ መማራቸው ነው። የጽሕፈት ሥራ በዚያን ዘመን ምን ያኽል ድካም እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። የፍየል ወይም የበግ ቈዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል፣ ይሰመራል፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከቅጠል ይበጠበጣል፣ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ለአንድ ወንጌል የብዙ እንስሳ ቈዳ ያስፈልጋል። ይህን ጥበብ በእጁ የያዘ ሰው ወደ ሄደበት ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ይዞ እንደሚሄድ ይቈጠራል። የተጻፉት መጻሕፍት በበቅሎ ጭነው ቢወስዷቸው ስንቱን ወንዝ መሻገር አለባቸው፤ የመጻፉ ችሎታ ግን ጭነት አይሆንም።

በ1240 ዓ.ም. ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከዳሞ ወርደው ወደ ሐይቅ መጡ። ትውፊቱ መንገዱን የመራቸው መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ነው ይላል። እኛ የመንገዱን ርዝመት ብቻ እንመልከት። ከደብረ ዳሞ እስከ ሐይቅ በቀጥታ መሥመር ቢለካ 340 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። ሰው ግን በቀጥታ መሥመር አይሄድም። የዛሬው የመኪና መንገድ በአዲግራት፣ በመቀሌ፣ በአላማጣና በወልድያ አድርጎ ሐይቅ እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የድሮው የእግር መንገድ በዚህ ወይም በዚያ በኩል ያቋርጥ እንደ ሆነ እንጂ ከዚህ በብዙ ያነሰ አይመስለንም። በደጋው አገር ስንቅ የያዘ እግረኛ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደኅና ሄዷል። ሰንበትንና በዓልን ያከብራል፤ የቈሰለ እግሩን ያሳርፋል፤ ስንቅ እስኪያገኝ በደብር ይጠጋል። ስለዚህ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን ይጓዛል ብንል፣ በሳምንት 125 ኪሎ ሜትር፣ በአራት ሳምንት 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ወር መሆኑ ነው። ይህም በጋ ሲሆን ነው፤ ክረምት ከሆነማ ወንዝ እስኪጐድል ድረስ ከወንዝ ዳር መቀመጥ አለ። አይሮፕላኑ በሠላሳ ሦስት ደቂቃ የሚበረውን ሰው በሃያ ስምንት ቀን ሲሄደው፣ ልዩነቱ ከሺህ ጊዜ በላይ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከዳሞ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው እንጂ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በአራት ደቂቃ ስለምታልፍ፣ በዳሞና በሐይቅ ቀትር የሚሆንበት ጊዜ የሚለያየው በሁለት ደቂቃ ባልሞላ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበር ሰው ሲደርስ ሰዓቱን በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ እንቅልፉም ለብዙ ቀን ይዛባበታል። መነኩሴው ግን በዳሞ የለመዱትን የጸሎት ሰዓት ሳይለውጡ በሐይቅ ቀጠሉበት። ወደ ሰዓት ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ሐይቅ እንግዲህ ምን ዓይነት አገር ነበረ? አምባሰል ሲባል ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱን ነው፤ ታሪክ የተማረም ቢሆን ውጫሌንና ውሉን ያስታውሳል። የሐይቅ ውሃ ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ፣ በተራሮች መካከል ተኝቶ የሚገኝ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያኽል፣ ጥልቀቱም በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ነው። የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት መሬት በዚያን ዘመን ዙሪያውን ውሃ የከበበው ደሴት ነበረ። ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟልና መንገደኛው በእግሩ ይገባበታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከኢየሱስ ሞዐ መምጣት በፊት የነበረ ሲሆን፣ ትውፊት አመሠራረቱን ከዛጔ መንግሥት በፊት እስከ ነበሩት ነገሥታት ያደርሰዋል። ነገር ግን በደሴቲቱ ላይ የነበረው ተራ ደብር እንጂ በሥርዐት የተደራጀ ገዳም አልነበረም።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ይህን ደብር ገዳም አደረጉት። ሴቶች እንዳይገቡበት ሥርዐት ተሠራ፤ ይህም ሥርዐት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የዳሞን የጸሎትና የሥራ ደንብ በዚያ ተከሉ። መጻሕፍት ማስጻፍና መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያም ተማሪዎች መምጣት ጀመሩ፤ ገድሉ በእጃቸው የመነኰሱትን ቍጥር እስከ 800 ያደርሰዋል። ቍጥሩን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ ብዙ መሆናቸውን ግን የሚጠራጠር የለም።

የዚህ ነገር ትርጕም የሚገባን እንደገና ርቀትን ስናሰላ ነው። ከሸዋ፣ እንበል ዛሬ ደብረ ሊባኖስ ካለበት አገር ተነሥቶ ወደ ደብረ ዳሞ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ በቀጥታ መሥመር እንኳ 520 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል። በእግር መንገድ ይህ ምን ያኽል ወር እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላ። እንዲህ ያለ ጕዞ የሚጀምር ሰው እናት አባቱን እስከ መጨረሻው ተሰናብቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚያውቀው ሰው አያገኝም። ከደብረ ሊባኖስ አገር እስከ ሐይቅ ግን ቀጥታው መሥመር 200 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ 340 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ስለ ተጓዙ፣ ከእርሳቸው በኋላ ለመጣው የአማራና የሸዋ ተማሪ ሁሉ መንገዱ ከግማሽ በላይ አጠረለት። አንድ ሰው በእግሩ የሄደውን ሺዎች ሳይሄዱት ቀሩ ማለት ነው። አዲስ አየር ማረፊያ የሚሠራ መንግሥት የሚያስበው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ መነኩሴው በጀት ያልነበራቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን አጭር መንገድ ከተጠቀሙበት ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው በመጀመሪያ በአማራ ምድር በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ቈዩ፤ ቀጥሎ ወደ ሐይቅ መጥተው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ዐሥር ዓመት ያኽል ተማሩ። የልብሰ ምንኵስናውንም በዚያ ተቀበሉ። ነገር ግን በዚህ አላበቁም፤ ምንጩን ራሱን ለማየት ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ፣ በዚያም ብዙ ዓመት ቈይተው ተመለሱ። መምህሩ ወደ ደቡብ የወረዱበትን መንገድ ደቀ መዝሙሩ ወደ ሰሜን ወጡበት። ከዳሞ ሲወርዱ ገመዱ በተቈረጠ ጊዜ ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው በገድላቸው የተነገረው ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተስሎ ይታያል። ሥዕሉን ያላየ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ብዙ ያለ አይመስለንም። ከአምባ ወደ ምድር የመብረር ነገር በሀገራችን ሥዕል የገባው አይሮፕላን ከመሠራቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ላይ የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ትውፊቶች ይለያያሉ። ደብረ ሊባኖሶች፣ ተክለ ሃይማኖት ከዳሞ ሲመለሱ ቆብና አስኬማ ይዘው መጥተው ለቀድሞው መምህራቸው እንደ ሰጡ ይናገራሉ፤ በዚህም አባት ልጅ፣ ልጅም አባት ሆነ ማለት ነው። ሐይቆች ይህን በቀላሉ አይቀበሉትም። ክርክሩ ለውጭ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከሁለቱ ገዳማት የትኛው ይቀድማል የሚለውን ነገር የሚወስን ስለሆነ ትንሽ አልነበረም።

ከዚህ የሚበልጠው ክርክር ስለ መንግሥት ነው። በ1262 ዓ.ም. የዛጔ መንግሥት ወድቆ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ነገሡ። የሐይቅ ገዳም ከዛጔ ነገሥታት ከተማ ከሮሐ በቀጥታ መሥመር የሚርቀው 105 ኪሎ ሜትር ያኽል ብቻ ነው፤ በመካከሉ ግን ያለው ተራራና ገደል ከፍ ያለ መከላከያ ነበረ። ይኵኖ አምላክ ኀይላቸውን ያደራጁት በዚሁ በአማራ ምድር ሲሆን፣ የሐይቅ ትውፊት በልጅነታቸው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ እንደ ተማሩ ይናገራል። ሕዝቡ ዘንድ የጸናው ታሪክ ግን ሌላ ነው። መንግሥቱ ወደ ሰሎሞን ዘር የተመለሰው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አስታራቂነት ነው፣ ለቤተ ክርስቲያንም የመንግሥቱ ሲሶ የተሰጠው ስለዚሁ ውለታ ነው ይባላል።

ይህን ነገር በሊቅነት የመረመሩት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት በተጻፈው መጽሐፋቸው፣ በጊዜውም በስፍራውም ለይኵኖ አምላክ የሚቀርቡት የሐይቁ መምህር መሆናቸውን አሳይተዋል። እኛም ካርታውን ስንመለከት ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ ይታየናል። ተክለ ሃይማኖት ደብረ አስቦን፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን፣ የመሠረቱት መንግሥቱ ከተለወጠ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። የይኵኖ አምላክ ትግል በነበረበት ጊዜ በዚያ አገር ከሁሉ የሚበልጠው የተደራጀ ገዳም ሐይቅ ነበረ፤ አባቱም ኢየሱስ ሞዐ ነበሩ። ታዲያ ስሙ ለምን ወደ ደቀ መዝሙሩ ሄደ? ምክንያቱ ይህ ይመስለናል፤ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የደብረ ሊባኖስ ልጆች በዙ፣ የቤተ መንግሥቱም ክብር ወደ እጨጌው ዞረ፣ ታሪክ የሚጽፈውም የበዛው ወገን ሆነ። ይህን ስንል የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ክብራቸው ከዚህ ነገር ጋር ቢያያዝም ባይያያዝም የሚጐድል አይደለም።

ሐይቅ ያገኘችው ውለታ ሌላ ነበረ፤ ይህም ዐቃቤ ሰዓት የሚባለው ሹመት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በዚህ ስም ይጠራ ጀመር፤ ትርጕሙም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። በቤተ መንግሥት ንጉሡ የሚጸልዩበትንና የሚሠሩበትን ጊዜ መጠበቅ፣ ማን በስንት ሰዓት ወደ ንጉሡ እንደሚገባ መወሰን የእርሱ ሥራ ሆነ። ሰዓት በሌለበት አገር ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ምን ያኽል ሥልጣን እንደ ነበረው መገመት አያስቸግርም። ከአገር ዳርቻ ሁለትና ሦስት ወር ተጕዞ የመጣ ባለጉዳይ የመጨረሻዋን ሃምሳ ክንድ የሚራመደው ዐቃቤ ሰዓቱ ሲፈቅድ ነው። ዛሬ በአየር ማረፊያ አዳራሽ ተቀምጠን የመሳፈሪያ ጥሪ የምንጠብቅ ሰዎች ይህን ስሜት ጥቂት እናውቀዋለን።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ከንጉሡ አማካሪዎች ዋናው ሰው ነበረ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ዐቃቤ ሰዓቱን በመንግሥቱ ውስጥ ካሉት ታላላቅ ሰዎች እንደ አንዱ አድርጎ ጽፎታል። እነዚህ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ደርሰው ከንጉሡ ሰፈር የደረሱት በጥቅምት ነው፤ ስድስት ወር መሆኑ ነው። አልቫሬዝ በመንገዱ ሐይቅን አይቶታል። በደሴቲቱ ላይ ብዙ መነኮሳት መኖራቸውን፣ ሎሚና ብርቱካን በዚያ መብቀሉን፣ ወደ ገዳሙም የሚሻገሩት በደንገል በተሠራ ታንኳ መሆኑን ጽፏል።

በአልቫሬዝ ጕብኝትና በገዳሙ መከራ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ደረሰና የገዳሙ ሀብት ተወሰደ። ከዚያ በኋላ የዐቃቤ ሰዓትነት ሹመት እንደ ቀድሞው አልሆነም። ነገሥታቱም መንበራቸውን ወደ ጣና አገር ሲያዛውሩ፣ ከቤተ መንግሥት እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ ረዘመ። ስለ መገናኛ በመጀመሪያ የተናገርነው ነገር እዚህ ላይ በተቃራኒው ይሠራል፤ ሐይቅ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፣ ግን ራቀች።

ወደ ራሳቸው ወደ መምህሩ እንመለስ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ የኖሩት 45 ዓመት ያኽል ነው። በ1273 ዓ.ም. ለገዳማቸው አንድ አራቱን ወንጌል አስጽፈው ሰጡ። ይህ መጽሐፍ በሀገራችን የተጻፈበት ዘመን ከታወቁት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። የወንጌላውያንና የቅዱሳን ሥዕል አለበት፤ ከነዚህም መካከል የመምህሩ የራሳቸው ሥዕል ይገኝበታል። በባዶ ገጾቹ ላይ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ለታሪክ ተመራማሪ ከወርቅ ይበልጣል። ገድል ካለፈ በኋላ ይጻፋል፤ የንብረት መዝገብ ግን በዕለቱ ይጻፋል። የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም በተነሡ ጊዜ ይህ ወንጌል 1832 ቍጥር ተሰጥቶት በፊልም ተቀርጿል። ገድላቸውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1965 በቤልጅግ አገር በሉቨን ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር ታትሟል። ከሐይቅ እስከ ሉቨን ያለውን ርቀት መጽሐፉ ከጸሐፊው ይልቅ በቀላሉ ተጓዘው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን የመምህሩ አለመንቀሳቀስ ነው። በሕይወታቸው ሁለት ታላላቅ ጕዞዎች ብቻ ይታወቁላቸዋል፤ ከዳህና ወደ ዳሞ፣ ከዳሞ ወደ ሐይቅ። ሁለቱን ብንደምራቸው በአይሮፕላን ሒሳብ ከአንድ ሰዓት የማይበልጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ዓመት በአንዲት ደሴት ላይ ተቀመጡ፤ አገሩ ወደ እርሳቸው መጣ። ተማሪው ከሸዋ መጣ፣ የንጉሥ ልጅ ከአማራ መጣ ተባለ፣ ብራናው ከየአገሩ መጣ። ተማሪዎቹ ደግሞ ተመልሰው በየአገራቸው ገዳም ተከሉ።

ኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ፣ የነበሩት አይሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ 47 ነበሩ። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያኽል ይበሩ ስለ ነበረ ከአክሱም ኮምቦልቻ ቢላኩ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ጊዜው ከግማሽ በታች ሆኗል። ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው የመኪና መንገድ ግን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያኽል ነው፤ በደሴ አድርጎ ተራራ ለተራራ ስለሚጠማዘዝ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባው በረራ ይልቅ የሚረዝመው ይህ የመጨረሻው መንገድ ነው። ከከተማው ወደ ገዳሙ የሚወስደውን ደግሞ በእግር መሄድ ይቻላል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያረፉት በ1285 ዓ.ም. ገደማ፣ ኅዳር 26 ቀን ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን መታሰቢያቸው ይከበራል። ክረምቱ ካለፈና ወንዙ ከጐደለ በኋላ ስለሆነ፣ ለእግረኛ መንገዱ ደኅና የሚሆንበት ወራት ነው።